የጨዋታ በረኛ፦ የኒንቴንዶ ታሪክና የገበጣ ዕድል

የአርዲቦ ሐይቅ በደቡብ ወሎ፣ ከሎጎ ሐይቅ በላይ በተራሮች መካከል ይገኛል። ከፍታው ከታችኛው ሐይቅ ከ200 ሜትር በላይ ስለሚበልጥ፣ ሞልቶ የተረፈው ውሃ በወንዝ እየወረደ ወደዚያው ይገባል። ሎጎ ሐይቅ ግን በገሃድ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የተቀበለውን ይዞ ይኖራል። ውሃ የሚፈስበትና ውሃ የሚከማችበት ስፍራ የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ የአካባቢው ሰው መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። የሰው ልጅ የፈጠራ ሥራም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሥራው በአንድ ስፍራ ይፈልቃል፣ ጥቅሙ በሌላ ስፍራ ይጠራቀማል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ይህ ነገር ለሐይቅ አገር አዲስ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆኖ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1280 ገደማ የተጻፈውና በእርሳቸው ስም የሚታወቀው ወንጌል ለዚህ ምስክር ነው። ወንጌሉን የሐይቅ ጸሐፍት አልደረሱትም። ነገር ግን ብራናውን የሚፍቅ፣ ቀለሙን የሚያዘጋጅ፣ ቅጂውን የሚያርምና ለትክክለኛነቱ ኃላፊ የሚሆን ተቋም ባይኖር ኖሮ ቃሉ ለአንባቢ ባልደረሰም ነበር። እንግዲህ አሳታሚ ማለት በደራሲውና በተቀባዩ መካከል ቆሞ የሚያባዛ፣ የሚያረጋግጥና የሚያደርስ ማለት ነው። በዘመናችን ይህ ሥራ ከፍተኛ ትርፍ ካስገኘባቸው መስኮች አንዱ የቪዲዮ ጨዋታ ሲሆን፣ በዚህ መስክ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ኩባንያዎች መካከል የጃፓኑ ኒንቴንዶ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

ኒንቴንዶ በ1889 በኪዮቶ ከተማ በፉሳጂሮ ያማኡቺ ተቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው ሐናፉዳ የተባለውን፣ የአበባ ሥዕል ያለበትን የጃፓን መጫወቻ ካርታ በእጅ ማዘጋጀት ነበር። ጨዋታውን ኩባንያው አልፈጠረውም፤ ሕዝቡ ሲጫወተው የኖረ ነው። የኩባንያው ድርሻ ካርታውን በጥራት አባዝቶ ለገበያ ማቅረብ ብቻ ነበር። በ1949 ሂሮሺ ያማኡቺ የቤተሰቡን ድርጅት መምራት በጀመረበት ጊዜም ዋናው ንግድ ካርታ ነበር። በ1959 የዋልት ዲዝኒ ሥዕሎች የታተሙበት ካርታ ቀርቦ በልጆች ዘንድ ሰፊ ገበያ አገኘ። በ1960ዎቹ ኩባንያው በታክሲ አገልግሎትና በምግብ ንግድ ሳይቀር ዕድሉን ሞክሮ አልሆነለትም። ከዚህም በኋላ ወደ አሻንጉሊትና ወደ መጫወቻ ዕቃ ተመለሰ።

የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ዘመን ሲመጣም ስኬቱ ከውድቀት የተገኘ ነበር። ወደ አሜሪካ ከተላኩት ራዳር ስኮፕ የተባሉ 3,000 ያህል የመጫወቻ ሣጥኖች መካከል የተሸጡት 1,000 ያህል ብቻ ነበሩ። ሽጌሩ ሚያሞቶ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ባልተሸጡት ሣጥኖች ውስጥ የሚገባ አዲስ ጨዋታ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፤ በ1981 የወጣው ዶንኪ ኮንግም የኩባንያውን ስም በአሜሪካ አስጠራ።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ ገበያ በአታሪ ኩባንያ እጅ ነበር። በ1979 ከአታሪ የወጡ ባለሙያዎች ስማቸው ባለመጠቀሱና የሚገባቸውን ጥቅም ባለማግኘታቸው ቅር ተሰኝተው አክቲቪዥን የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ለአታሪ መሣሪያ የሚሆኑ ጨዋታዎችንም ያለ አታሪ ፈቃድ መሸጥ ጀመሩ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ማንኛውም ነጋዴ ደካማ ጨዋታ እያዘጋጀ ገበያውን አጥለቀለቀው። ገዢው መልካሙን ከክፉው መለየት ስላቃተው እምነቱን አጣ። በ1983 ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የአሜሪካ የቤት ውስጥ ጨዋታ ሽያጭ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሽቆለቆለ። አታሪ ያልተሸጡ ካሴቶቹን በኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ ቀበራቸው፤ በ2014 በተደረገው ቁፋሮም ተገኝተዋል።

ኒንቴንዶ በ1983 በጃፓን፣ በ1985 ደግሞ በአሜሪካ የራሱን የጨዋታ መሣሪያ ሲያቀርብ ከዚህ ውድቀት ትምህርት ቀስሞ ነበር። በአሜሪካ በተሸጠው መሣሪያ ውስጥ ያልተፈቀደ ካሴት እንዳይሠራ የሚከለክል ቁልፍ ቺፕ አስገባ። ፈቃድ ያገኘ አሳታሚ በዓመት ከ5 ጨዋታ በላይ እንዳያወጣ ተወሰነ፤ ካሴቱንም የሚያመርተው ኒንቴንዶ ብቻ ሲሆን አሳታሚው ዋጋውን አስቀድሞ ይከፍላል። ጨዋታው ባይሸጥ ኪሳራው የአሳታሚው ነው፤ ኒንቴንዶ ግን ሒሳቡን አስቀድሞ ተቀብሏል። ስለዚህ የኩባንያው ገቢ ራሱ ከሚሠራቸው ጨዋታዎች ብቻ ሳይሆን ሌሎች በሩን ሲያልፉ ከሚከፍሉት ቀረጥ ጭምር ሆነ።

በረኛው የሚጠብቀው የገዢውን እምነት እስከሆነ ድረስ ክፍያው ምክንያት ነበረው። ከመጠን ሲያልፍ ግን ጥያቄ ያስነሣል። በ1991 ኒንቴንዶ የችርቻሮ ዋጋ እንዳይቀንስ ነጋዴዎችን ተጭኗል ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት አካላት ስለ ተከሰሰ፣ ለገዢዎች እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የዋጋ ቅናሽ ኩፖን ለመስጠት ተስማማ። ከዚህ የበለጠው ጉዳት ግን ከገበያው መጣ። ኒንቴንዶ በዚያው ዓመት ከሶኒ ጋር የጀመረውን የሲዲ መሣሪያ ሥራ አፍርሶ ወደ ፊሊፕስ ዞረ፤ ሶኒም በ1994 መጨረሻ ፕሌይስቴሽን የተባለውን የራሱን መሣሪያ አወጣ። ሲዲ ከካሴት ይልቅ ርካሽ ስለሆነና ብዙ ስለሚይዝ፣ እንደ ስኩዌር ያሉ ታላላቅ ጨዋታ ሠሪዎች ወደ ሶኒ ኮበለሉ። በውጤቱም ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ በ1996 የወጣው ኒንቴንዶ 64 ከ33 ሚሊዮን አላለፈም። በሩን ከመጠን በላይ ያጠበበ በረኛ ተጓዡ ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

ዛሬ በሩ በመደብር መደርደሪያ ላይ አይደለም፤ በእጅ ስልክ ውስጥ ነው። አፕልና ጉግል በመተግበሪያ መደብሮቻቸው ከሚያልፈው ሽያጭ 30 በመቶ ሲወስዱ ኖረው፣ ከ2021 ጀምሮ ለአነስተኛ ሠሪዎች ድርሻቸውን ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርገዋል። የስሙ መለወጥ ካልሆነ በቀር አሠራሩ ኒንቴንዶ በካሴት ዘመን ከዘረጋው ጋር ዘመድ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ባዶ አይደለም። በወሎም ሆነ በሌላው ደጋ እረኞች መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣ ጥንታዊና ስሌት የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጡት ሰፊ ጥናት የገበጣን ልዩ ልዩ ዓይነቶች መዝግበዋል። ይሁን እንጂ በ2020 ኒንቴንዶ 51 የዓለም ጨዋታዎችን በአንድ ጥራዝ አሰባስቦ ሲሸጥ፣ ከራሱ የጥንት ካርታ ከሐናፉዳ ጋር የገበጣ ዘመድ የሆነው ማንካላም በዚያ ውስጥ ተካትቷል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ የሕዝብ ጨዋታ ባለቤት የለውምና። ነገሩ የሚያሳየው የሕዝብን ጨዋታ ለገበያ አዘጋጅቶ ያቀረበ ዋጋውን እንደሚሰበስብ ነው። ኒንቴንዶ ራሱ በ1889 የጀመረው በዚሁ መንገድ አልነበረምን?

በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ይህንን የተረዳ ይመስላል። በስልክ የሚጫወቱት ኩኩሉ፣ ከአሳዳጅዋ የምትሸሽ ዶሮን የሚያሳየው ጨዋታ፣ በ2018 ከአፕስአፍሪካ ሽልማቶች አንዱን አግኝቷል፤ ድርጅቱ ገበጣንም ወደ ስልክ መስታወት አምጥቶታል። ሆኖም ጨዋታ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ዋጋውን መቀበል ሌላ ነው። ተጫዋቹ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ በእጁ ከሌለው፣ ጨዋታው በሚሊዮን ስልክ ላይ ቢጫንም ለሠሪው የሚደርሰው ገንዘብ ጥቂት ነው። በ2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብር የመሰለ የአገር ውስጥ ክፍያ ዘዴ በዚህ ረገድ ትርጉሙ ከፍ ያለ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በ2022 ደግሞ ቅኔ ጌምስን፣ የጋናውን ሌቲ አርትስንና የኬንያውን ኡሲኩ ጌምስን ጨምሮ 10 የአፍሪካ ጨዋታ ሠሪ ድርጅቶች ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ በሚል ስም ተባብረዋል። ብቻውን በሩን ማንኳኳት ያቃተው አነስተኛ ሠሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ የማሳተሙን ሥራ ለመጋራት መሞከሩ ነው።

የኒንቴንዶ ታሪክ ለሙያ ሰዎች የሚያስተምረው እንግዲህ ይህንን ነው። ለዚያ ኩባንያ የጨዋታ ሐሳብ ብቻውን ሀብት አልሆነውም፤ ሀብት ያደረጉት የቅጂው ጥራት፣ የውሉ ጥብቅነት፣ የክፍያው ሥርዓትና የገዢው እምነት ናቸው። በዚህም ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛው፣ የሕግ ባለሙያውና የባንክ ባለሙያው ድርሻ ከፕሮግራም ጸሐፊው አያንስም። ከአርዲቦ ሞልቶ የሚወርደውን ውሃ ቁልቁል እንዳይሄድ መከልከል አይቻልም፤ በመንገዱ ላይ ቦይ ቀድዶ እርሻን ማጠጣት ግን ይቻላል። ለገበጣም የሚያስፈልገው ይኸው ቦይ ነው።