ያላንቀላፋው መኪና፦ የሪሞት ቁልፍ፣ የራዲዮ ሞገድና የባትሪ መድከም ታሪክ

(ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ገለጻዬ ትንሽ በሚመስል አንድ ብልሽት ላይ ያተኩራል። በደኅና የቆመ መኪና ከጥቂት ቀናት በኋላ አልነሣ ይላል። ባትሪው ይለወጣል፤ ዲናሞው ይፈተሻል፤ ሁሉም ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ ባትሪው ግን ዳግመኛ ይደክማል። ባለቤቱ መካኒኩን ይወቅሳል፤ መካኒኩም ባለቤቱን «መብራት ሳታጠፋ ወርደህ ይሆናል» ይለዋል። ሁለቱም ያለ ጥፋታቸው ይካሰሳሉ። የዚህ ብልሽት መንስኤ እንዲህ የሚሰወረው ለምንድን ነው? መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ሁለቱም መንስኤውን የሚፈልጉት በመኪናው ውስጥ ብቻ ነው፤ የመንስኤው ግማሽ ግን መኪናው በቆመበት ስፍራ ይገኛል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የእርሳስና የአሲድ ባትሪን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ካዲላክ በ1912 ሞዴሎቹ ላይ የቻርልስ ኬተሪንግን ሞተሪኖ ከገጠመ በኋላ ባትሪ የመኪና ዋና አካል እየሆነ መጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የቆመ መኪና በእርግጥም የቆመ ነበር፤ ቁልፉ ከተዘጋ ወዲያ ከሰዓት በቀር ኤሌክትሪክ የሚስብ ነገር እምብዛም አልነበረውም።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ከርቀት የሚከፈት በር ነው። ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1982 ፉዌጎ በተባለው መኪናው ላይ ያስተዋወቀው መክፈቻ በኢንፍራሬድ ጨረር ይሠራ ነበር። ጨረሩ እንዲሠራ ቁልፉን ወደ መኪናው ማነጣጠር ግድ ነበር። በኋላ የተስፋፋው የራዲዮ ቁልፍ ግን ማነጣጠርን አይጠይቅም፤ ከኪስ ውስጥ፣ ከግድግዳ ማዶም ይሠራል። ምቾቱ ታላቅ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የባለቤቱን ቁልፍ ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ ተቀባይ የጎረቤትንም መሣሪያ ይሰማልና።

ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር በሶሊሃል ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ የቀረበው ሁለተኛው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር ነው፤ በተለምዶ ፒ38 ይባላል። በዚህ መኪና የበሮችን፣ የመስኮቶችን፣ የማንቂያ ደወሉንና የሞተር መቆለፊያውን ሥራ የሚያስተባብረው ከፊት ወንበር ሥር የተቀመጠ አንድ ኮምፒዩተር ነው። መኪናው ሲቆለፍ ኮምፒዩተሩ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ያንቀላፋል፤ የራዲዮ ተቀባዩ ግን ዘብ ሆኖ ይቆያል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተቀባዩ ሞገድ ሲሰማ የማን እንደሆነ በራሱ አያውቅም። መልእክቱን አንብቦ «ይህ የእኔ ቁልፍ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ለመወሰን ደግሞ መንቃት አለበት። ስለዚህ «አልተጠራሁም» ለማለት እንኳ ኤሌክትሪክ ይጠፋል። በአውሮፓ የመኪና ቁልፎች በብዛት የሚጠቀሙበት 433.92 ሜጋኸርትዝ በተናጠል ፈቃድ ሳያስፈልግ የሚሠራበት የጋራ ሞገድ ነው። ገመድ አልባ የበር ደወሎች፣ የአየር ጠባይ መለኪያዎችና የጋራዥ በር መክፈቻዎችም በዚሁ ሞገድ ሲበዙ የመኪናው እንቅልፍ ይቆራረጥ ጀመር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የተኛ መኪና 30 ሚሊአምፔር ይስባል እንበል። 60 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በስሌት 2,000 ሰዓት፣ ማለትም 83 ቀን ያህል ይቆያል። ያው መኪና ደጋግሞ እየነቃ በአማካይ 500 ሚሊአምፔር ቢስብ ግን ባትሪው በ120 ሰዓት፣ በ5 ቀን ያልቃል፤ ሞተሪኖውን ማዞር የሚያቅተው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው። በፒ38 መዘዙ በዚህ አያበቃም። ባትሪው ፈጽሞ ሲያልቅ ቁልፉና መኪናው መግባባት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ የአደጋ ጊዜ ኮዱን በሾፌሩ በር ላይ ቁልፉን ግራና ቀኝ በማዞር ለማስገባት ይገደዳል።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይካሄዳል? አምፔርሜትር በባትሪው መስመር በተከታታይ ይገጠማል፤ መኪናው ይቆለፋል፤ መርማሪው በር ሳይከፍት ይታገሣል። በር መክፈት ራሱ መኪናውን ስለሚያነቃው ማስረጃውን ያበላሻል። ፍሰቱ ከፍ ብሎ ሳይወርድ ከቀረ የተበላሸ ዕቃ ወይም የተጣበቀ ሪሌይ ይጠረጠራል። ዝቅ ብሎ ከቆየ በኋላ ደጋግሞ ሽቅብ የሚዘል ከሆነ ግን መኪናውን የሚቀሰቅሰው ነገር አለ። ተቀባዩ ሲነቀል ዝላዩ ከቆመ ፍለጋው ጠቧል፤ ነገር ግን ጥፋቱ የተቀባዩ ይሁን የአካባቢው ገና አልተለየም። ተቀባዩን መልሶ ገጥሞ መኪናውን ወደ ሌላ ስፍራ ወስዶ መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እዚያ ከተኛ፣ የቀሰቀሰው የቀድሞው ስፍራ ነው። አምራቹ ኋላ ላይ ለፒ38 የተሻሻለ ተቀባይ ማቅረቡ፣ የአካባቢውን ሞገድ መለወጥ ባይቻል የመኪናውን ጆሮ ማረም እንደሚቻል ያሳያል።

የሞገድ ምንጭ ከሰው ዓይን እንዴት እንደሚሰወር እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት በኖርዝ ኦልምስቴድ የሆነው ይመሰክራል። በዚያ የነበረው ችግር የባትሪ ሳይሆን የሪሞት ቁልፎችና የጋራዥ በሮች አለመሥራት ነበር። ምንጩ ሲፈለግ ቆይቶ አንድ ነዋሪ ለቤቱ አገልግሎት የሠራው መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ጎረቤቶቹን ማወኩን አያውቅም ነበር።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር በ1ኛው የራዲዮ ክልል፣ ጃፓን ግን በ3ኛው ትገኛለች። ለጃፓንና ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪናዎች በብዛት የሚያዳምጡት በ315 ሜጋኸርትዝ ነው። ከውጭ የገባ መኪና የትውልድ አገሩን ጆሮ ይዞ ይመጣልና መርማሪው አስቀድሞ ይህን መለየት ይኖርበታል።

የቴክኖሎጂ ታሪክ ተማሪዎች ከዚህ ጉዳይ አንድ ቁም ነገር እንድትይዙ እሻለሁ። ፒ38 ሲነደፍ የነበረው አየርና ከዓመታት በኋላ የቆመበት አየር አንድ አልነበሩም፤ መኪናው ሳይለወጥ ዙሪያው ተለወጠ። ስለዚህ «የትኛው ዕቃ ተበላሸ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የት ቆሞ ነበር? በዙሪያው ምን ተጨመረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን የጠየቀ ደኅና ባትሪ ከመጣልም፣ ንጹሕ ሰው ከመውቀስም ይድናል።