የዓይን አፋሩ ሽማግሌና የለፍላፊዪቱ ሕፃን ወዳጅነት

ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ ታሪክ ለሸመገለ ሰው ምን ይረባዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ጥቂት ይታገሠን። የምንናገርለት መጽሐፍ «አን ዘግሪን ጌብልስ» ይባላል፤ ነገሩም ከሰው መግባባት ስለ ተቸገሩ ኹለት ሰዎች ነው።

የጻፈችው ሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ በካናዳ አገር ፕሪንስ ኤድዋርድ በምትባል ደሴት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. ተወለደች፤ ከዚህ በታች የሚመጡትም ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ገና ኹለት ዓመት ሳይመላት እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችባት፤ አባቷም ለእናቷ ወላጆች ትቷት ወደ ምዕራብ አገር ሄደ። እንግዲህ ብቸኝነትን የተማረችው ከሌላ ሰው ሰምታ አይደለም። መጽሐፉን ጽፋ ለአሳታሚዎች ብትልከው ብዙዎቹ መለሱባት፤ እርሷም በባርኔጣ ማኖሪያ ሣጥን ውስጥ ጥላው ቈየች። ኋላ አውጥታ እንደ ገና ብትልከው በ1908 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ታተመ፥ ወዲያውም በየአገሩ ተነበበ።

ታሪኩ በስሕተት ይዠምራል። ማቲው የሚባል ሽማግሌና ማሪላ የምትባል እኅቱ፥ ኹለቱም ያላገቡ፥ የርሻውን ሥራ የሚረዳቸው ወንድ ልጅ ከሙት ልጆች ማሳደጊያ እንዲመጣላቸው ይልካሉ። የመጣችው ግን ጠጕሯ ቀይ፥ ሰውነቷ የከሳ፥ ዕድሜዋ ዐሥራ አንድ የኾነ አን የምትባል ሴት ልጅ ናት። ማቲው ከእኅቱና ከአንዲት ጎረቤት በቀር ሴት ባየ ቊጥር የሚሸሽ ዓይን አፋር ነው፤ አን ደግሞ አፏን ከከፈተች የማትዘጋ ናት። ከባቡር ጣቢያ ወደ ቤት በጋሪ ሲሄዱ እርሷ ትለፈልፋለች፥ እርሱ አንድ ኹለት ቃል ከመመለስ በቀር አይናገርም፤ መንገዱም ሳያልቅ መስማቱ ደስ አሰኘው። ይህን ክፍል ቸኵሎ ማለፍ አይገባም። እኛ ሰዎች ዝምተኛውን ኵሩ፥ ለፍላፊውን ቀላል እንላለን፤ ደራሲዋ ግን የኹለቱም ሥር አንድ መኾኑን፥ ይኸውም ሰው ይንቀኛል የሚል ፍርሀት መኾኑን አሳየች። ይኸው ማቲው ኋላ ለልጅቱ ቀሚስ ሊገዛ ሱቅ ቢገባ ሻጪው ሴት ኾነችበትና፥ ስለ ቀሚሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፥ በበረዶ ወራት የሣር መሰብሰቢያ መሣሪያና ሃያ ፓውንድ ያልነጣ ስኳር ገዝቶ ወጣ። እኔ ከመጽሐፉ ኹሉ ይህን ሥፍራ አበልጣለሁ፤ የሚያስቀውን ያህል ያሳዝናልና።

አን ዳያና ከምትባል የጎረቤት ልጅ ጋራ በአትክልት ውስጥ በመሐላ ተወዳጀች። ነገር ግን አንድ ቀን የፍሬ ጭማቂ የቀዳችላት መስሏት ወይን ጠጅ አጠጥታ አሰከረቻት፤ የዳያናም እናት ልጆቹ እንዳይገናኙ ከለከለች። አን ሄዳ ይቅርታ ብትለምን ፊት ነሣቻት። በሩ የተከፈተው ወላጆቹ በሌሉበት ሌሊት የዳያና ታናሽ እኅት ጕሮሮዋ ታፍኖ ልትሞት ስትል፥ አን መድኀኒት እየሰጠች ካዳነቻት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ይቅርታ ለማኝዋ እናቲቱ ኾነች። ለአን ግን ይቅር ማለት ይቅርታ ከመለመን ይልቅ ከበዳት። ጊልበርት የሚባል ተማሪ በጠጕሯ ቢያፌዝባት የጽሕፈት ሰሌዳዋን በራሱ ላይ ሰበረችበት፤ ይቅርታ ቢለምናት፥ ኋላም ከውሃ ቢያወጣት፥ እምቢ አለች። የታረቁት ከዓመታት በኋላ ማቲው በሞተ ጊዜ፥ አን ከማሪላ ሳትለይ ታስተምር ዘንድ ጊልበርት የመንደሩን የመምህርነት ሥራ ሲለቅላት ነው።

ከዚህ ልብ ወለድ ጀርባ እውነተኛ ታሪክ አለ። ከ1869 ዓ.ም. ዠምሮ በነበሩት ብዙ ዓመታት ከእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የድኻ ልጆች በመርከብ ወደ ካናዳ ተልከዋል፤ ወንዶቹ ለርሻ፥ ሴቶቹ ለቤት ሥራ ተሰጡ። ሙት ልጆች ተባሉ እንጂ ብዙዎቹ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ነበሩ። አንዳንዱን መልካም ቤት ገጠመው፤ ሌላው በድካምና በዱላ አደገ፥ ጎረቤትም በጥርጣሬ ዐይን አየው። በመጽሐፉ ውስጥም ማቲው ከነዚህ አንዱን እናምጣ ቢል፥ ማሪላ የለንደንን የጎዳና ልጆች ንቃ በካናዳ የተወለደ ይኹን አለች፤ አንም የመጣችው ከዚያው ከኖቫ ስኮሺያ ነው። ደራሲዋ ማሪላን በብዙ ነገር አለሰለሰቻት፤ ይህን ንቀቷን ግን ሳታርም ተወችው። ለአንዲት ሕፃን ያን ያህል የራራ ብዕር መቶ ሺሁን እንዲህ ማለፉን እኔ አላመሰግንም።

ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ካደጉ በኋላ እንዴት እንደ መጡ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ኖሩ። በ2010 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ወደ ባሕር ማዶ ስለ ተላኩት ልጆች በምክር ቤት ቆመው ይቅርታ ለመኑ፤ የካናዳም የሕዝብ ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. እንዲሁ አደረገ። ያን ጊዜ በሕይወት ቈይተው የሰሙት ጥቂት ሽማግሎች ብቻ ነበሩ።