ደም መመለስና ዕርቀ ሰላም በቅድስት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሀገራችን በብዙ የገጠር አካባቢ ጠመንጃ ከአባት ለልጅ የሚወረስ ሀብት ነው። ገበሬው ከብቱንና ማሳውን ይጠብቅበታል፤ በሠርግ ለደስታ፣ በለቅሶ ለሐዘን ይተኩስበታል። በዚሁ መሣሪያ ግን በእርሻ ድንበር፣ በግጦሽ፣ በመስኖ ውኃ ወይም በመጠጥ ምክንያት በተነሣ ጠብ የሰው ነፍስ ይጠፋል። የሟች ወገን ደም ለመመለስ ያደባል፤ የገዳይ ወገን ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል። የሟች ልጅም ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የአባቱን ገዳይ ስም ያጠናል። በዚህ ጽሑፍ ቅዱሳት መጻሕፍትና የአባቶች ቀኖና ስለ በቀል የሚያስተምሩትን፣ የደም ዕርቅ የሚፈጸምበትን መንገድና የእኛን የምእመናንን ድርሻ እንመለከታለን።

1. ከቃየን እስከ ላሜህ

ቃየን ወንድሙን አቤልን በሜዳ በገደለው ጊዜ የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር ጮኸ (ዘፍ. 4፥8-10)። እግዚአብሔርም በቃየን ላይ ፈረደበት፤ ነገር ግን ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት (ዘፍ. 4፥15)። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የፈሰሰ ደም በእግዚአብሔር ዘንድ አይረሳም፤ ፍርዱ ግን የእግዚአብሔር ነው እንጂ ገዳዩን ያገኘ ሁሉ በእጁ የሚያስገባው አይደለም።

ከቃየን ዘር የተወለደው ላሜህ ደግሞ ሰው መግደሉን ለሚስቶቹ እየተናገረ በሰባ ሰባት እጥፍ በቀል ተመካ (ዘፍ. 4፥23-24)። በገዳይነት መፎከር የተጀመረው እንዲህ ነው። ጌታችን ግን ቅዱስ ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር እንዲል በጠየቀው ጊዜ እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት እንዲሆን አዘዘው (ማቴ. 18፥21-22)። ላሜህ ለበቀል ያበዛውን ቁጥር ጌታ ለይቅርታ አበዛው።

2. የመማጸኛ ከተሞች

በኦሪት ሕግ ሳያስብ ሰው የገደለ ሰው ከደም ተበቃዩ ሸሽቶ የሚጠጋባቸው 6 ከተሞች ተለይተው ነበር፤ 3ቱ ከዮርዳኖስ ማዶ በምሥራቅ፣ 3ቱ በከነዓን ምድር (ዘኍ. 35፥9-15፤ ኢያ. 20)። ሆን ብሎ የገደለ ግን በዚያ መሸሸጊያ አያገኝም፤ በማኅበሩ ፊት ቆሞ ይፈረድበታል። ሕጉ ነገሩን ከተበቃዩ እጅ አውጥቶ ለምስክርና ለዳኛ ሰጠ። በሀገራችንም አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ለዘመናት ለተሳዳጅ መማጸኛ ሆነው ኖረዋል። ደወል ጨብጦ የተማጸነን ሰው ማጥቃት ታቦቱን እንደ መድፈር ይቆጠር ነበር።

3. ሰይፉን የመለሰ ጌታ፣ ሰይፉን የጣለ ቅዱስ

በጌቴሴማኒ ቅዱስ ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ የማልኮስን ጆሮ በቆረጠ ጊዜ ጌታችን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው (ዮሐ. 18፥10-11)፤ ሊይዘው የመጣውንም ባሪያ ጆሮ ፈወሰ (ሉቃ. 22፥51)።

ይህን ትምህርት በሕይወቱ የፈጸመው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ነው። አስቀድሞ የሽፍቶች አለቃ ነበር። በንስሐ ተመልሶ በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም መነኮሰ፤ ለቅስናም በቃ። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርበሮች ገዳሙን ሊያጠፉ በመጡ ጊዜ ሊሸሽም ሊዋጋም አልወደደም፤ ቀድሞ በሰይፍ የኖረ እርሱ በሰይፍ መሞቱን እንደ ተገባ ቍጥሮ በዚያው በሰማዕትነት ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። የሙሴ ጸሊም ጉልበት በሽፍትነቱ ዘመን የታየ የሚመስለው ካለ ሰኔ 24ን ያስታውስ።

4. የአባቶች ቀኖና

ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአንፊሎኪዮስ በጻፈው መልእክት ሆን ብሎ ሰው የገደለ 20 ዓመት ከቅዱስ ቍርባን እንዲርቅ ደንግጓል (ቀኖና 56)። 4 ዓመት ከደጅ ቆሞ እያለቀሰ፣ 5 ዓመት ቃሉን ከሚሰሙት ጋር፣ 7 ዓመት ከሚሰግዱት ጋር፣ 4 ዓመት ደግሞ ከምእመናን ጋር ቆሞ ሳይቆርብ ይቆያል። ሳያስብ ለገደለ 10 ዓመት ወስኗል (ቀኖና 57)። በጦር ሜዳ የገደሉትን አባቶች ከነፍሰ ገዳዮች ባይቆጥሯቸውም፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ 3 ዓመት ከቍርባን ቢታቀቡ መልካም እንደሆነ መክሯል (ቀኖና 13)።

ዛሬ ለተነሳሒው ቀኖና የሚሰጠው እንደ ሰውየው ሁኔታ የንስሐ አባቱ ነው። ይሁንና ከእነዚህ ድንጋጌዎች የምንረዳው፣ ቤተ ክርስቲያን ነፍስ ማጥፋትን ምን ያህል ከባድ አድርጋ እንደምታየውና ለገዳዩም ቢሆን የመመለሻውን በር እንዳልዘጋች ነው።

5. ደም የሚደርቅበት መንገድ

በብዙ አካባቢ የደም ዕርቅ የሚጀመረው ሽማግሌዎች ካህናትን ይዘው፣ መስቀል አስቀድመው ወደ ሟች ቤት በመሄድ ነው። አንድ ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ይለምናሉ። የሟች ወገን ስለ መስቀሉ ብሎ እሺ ሲል ቀን ይቆረጣል። በዕለቱ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ወድቆ ይቅርታ ይለምናል፤ ካሳ ይከፈላል፤ ሁለቱ ወገኖች በካህናት ፊት ይምላሉ፤ አብረውም ይበላሉ። በአንዳንድ ስፍራ ዝምድናው እንዲጸና በጋብቻ ወይም በክርስትና አባትነት ይተሳሰራሉ።

ይህ ዕርቅ የመንግሥትን ፍርድ አይተካም። ነፍሰ ገዳይ በሕግ ይጠየቃል፤ ሽምግልናውም ወንጀልን ለመሸሸግ መዋል የለበትም። ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ይቀጣል፤ የሟች ወንድም ልብ ውስጥ ያለውን የበቀል እሳት የሚያጠፋው ግን ዕርቅ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

6. የእኛ ድርሻ

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዛል። ደመኞች በተለያየ በር ገብተው፣ በተለያየ ማዕዘን ቆመው፣ ለጎረቤታቸው ብቻ እጅ ነስተው ቢወጡ ትእዛዙ አልተፈጸመም። ጌታችን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አዝዞናልና (ማቴ. 5፥23-24)። ስለዚህ፦

የሟች ወገን የሆንን፣ በቀል የእግዚአብሔር መሆኑን (ሮሜ 12፥19) አምነን ነገሩን ለሕግና ለሽማግሌ እንስጥ። ይቅር ማለት ሟቹን መርሳት አይደለም፤ በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር እናስበዋለን። ልጆቹን ግን ከጠመንጃው በፊት ትምህርት እናውርሳቸው።

የበደልን፣ ተሸሽጎ መኖርን ትተን እጃችንን ለሕግ እንስጥ፤ ለንስሐ አባታችንም እንናዘዝ።

ጎረቤት የሆንን፣ ያልተበቀለውን ፈሪ ብለን አንሳደብ። በለቅሶ ቤት በፉከራና በሙሾ የሚቀሰቅስ ሰው ቃታውን ባይስብም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በማኅበርና በሰንበቴ አብረን ጽዋ የምንጠጣ ሁሉ፣ ጠቡ ወደ ደም ሳይደርስ የማስታረቅ አደራ አለብን።

መሣሪያ በቤታችን ያለ፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንደሚያዝዘው ያለ ፈቃድ አንያዝ፤ ከልጆችና ከመጠጥ እናርቀው፤ በሠርግና በበዓል መተኮስንም እንተው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳልና።

ክቡር ዳዊት ቤተ መቅደስ ሊሠራ ሲመኝ ብዙ ደም በማፍሰሱ አልተፈቀደለትም፤ ያን ክብር የሰላም ሰው የተባለው ልጁ ሰሎሞን አገኘው (1ኛ ዜና 22፥8-10)። እኛም ለልጆቻችን ከደም ዕዳ ይልቅ ሰላምን እናውርስ።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር