የጨው ጫና በዕፅዋት

የጨው ጫና በአፈር ወይም በመስኖ ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው፣ በተለይም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ሲበዛ በዕፅዋት እድገትና ምርት ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ጨው ዕፅዋትን በሦስት መንገድ ይጎዳል፦ ውሃ እንዳይስቡ ያግዳቸዋል፤ በሕዋሶቻቸው ውስጥ የሶዲየምንና የፖታሲየምን ሚዛን ያዛባል፤ እንዲሁም ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች እንዲከማቹ ያደርጋል። ሦስተኛው ጉዳት የኦክሲዴሽን ጫና ይባላል። ዕፅዋት እንደ እንስሳት ከቦታቸው መሸሽ ስለማይችሉ መከላከያቸው በአብዛኛው የሚከናወነው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ነው።

ጨዋማ አፈር

አፈር ጨዋማ የሚባለው በውሃ ከጠገበ በኋላ ከእሱ የሚወጣው ፈሳሽ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲበልጥ ነው። ይህ መጠን በግምት 40 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ካለበት ውሃ ጋር ይመጣጠናል። የባሕር ውሃ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ጨው አለው።

አንዳንድ አፈር ከተፈጥሮው ጨዋማ ነው። ሌላው ግን በመስኖ ምክንያት ጨዋማ ይሆናል። የመስኖ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው በአፈሩ ላይ ይቀራል። ማፋሰሻ ቦይ በሌለበት ማሳ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ እያለ ጨውን ወደ ላይ ያመጣል። በኢትዮጵያ በአዋሽ ሸለቆ፣ በተለይም በአሚባራ አካባቢ፣ በመስኖ የለሙ መሬቶች በዚህ መንገድ ተጎድተዋል።

ሰብሎች ጨውን የመቋቋም አቅማቸው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1977 ማስና ሆፍማን ባወጡት ሰንጠረዥ መሠረት ምርት መቀነስ የሚጀምረው በቦሎቄ 1.0፣ በበቆሎ 1.7፣ በስንዴ 6.0፣ በጥጥ 7.7፣ በገብስ ደግሞ 8.0 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲደርስ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ፦ የውሃ እጥረት

ጨው ሥሩን እንደነካ የሚከሰተው ጉዳት ከድርቅ ጋር ይመሳሰላል። ውሃ በኦስሞሲስ የሚጓዘው የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት በመሆኑ፣ በአፈሩ ውስጥ ጨው ሲበዛ ሥር ውሃ መሳብ ይከብደዋል። ሕዋሶች ውጥረታቸውን ያጣሉ፣ የአዳዲስ ቅጠሎች እድገትም ይዘገያል። ማሳው እርጥብ ቢሆንም ተክሉ ይጠማል።

በዚህ ጊዜ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ሆርሞኑ በቅጠል ቀዳዳዎች ዙሪያ ካሉት ጠባቂ ሕዋሶች ፖታሲየም እንዲወጣ በማድረግ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ የውሃ ትነትም ይቀንሳል። ከዚህ ጎን ለጎን ሕዋሶች ፕሮሊን፣ ግላይሲን ቤታይንና የተለያዩ ስኳሮችን ያከማቻሉ። እነዚህ ውህዶች ቢበዙም የሕዋሱን ሥራ ስለማያውኩ ውሃ ወደ ውስጥ ለመሳብ ያገለግላሉ፤ ፕሮቲኖችንም ከጉዳት ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው ምዕራፍ፦ የሶዲየም መርዛማነት

ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሶዲየም በቅጠሎች ውስጥ ይከማቻል። የሶዲየም አዮን ከፖታሲየም አዮን ጋር ስለሚመሳሰል የፖታሲየምን ቦታ ይሻማል። ከ50 በላይ ኢንዛይሞች ለመሥራት ፖታሲየም ያስፈልጋቸዋል፤ ሶዲየም ግን ሊተካው አይችልም። ስለዚህ ለሕዋሱ ወሳኙ የሶዲየም ብዛት ብቻ ሳይሆን የሁለቱ አዮኖች ምጣኔ ነው። ጉዳቱ አስቀድሞ የሚታየው በቆዩ ቅጠሎች ላይ ነው፤ ጫፋቸው ይደርቃል፣ ቀጥሎም ይረግፋሉ። የሚረግፉት ከሚበቅሉት ከበለጡ ተክሉ ፍሬ ለመስጠት የሚበቃ ምግብ ማዘጋጀት ያቅተዋል።

ሕዋሱ ሶዲየምን የሚከላከለው በዋናነት በሦስት መንገዶች ነው።

ማስወጣት፦ ሶዲየም ሲበዛ በሕዋሱ ውስጥ የካልሲየም መጠን በቅጽበት ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉ ስኳር ያዘሉ ቅባቶች ሶዲየምን በመያዝ ይህን ምልክት እንደሚያስጀምሩ አሳይቷል። ካልሲየሙን ኤስኦኤስ3 የተባለ ፕሮቲን ይይዘውና ኤስኦኤስ2 የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል። ይህም በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚገኘውን ኤስኦኤስ1 ሥራ ያስጀምራል። ኤስኦኤስ1 አንድ ፕሮቶን እያስገባ ሶዲየምን ወደ ውጭ ያስወጣል። ሦስቱ ፕሮቲኖች የታወቁት ለጨው እጅግ ስስ የሆኑ የአራቢዶፕሲስ ተክሎችን በማጥናት ነው።

ማከማቸት፦ ኤንኤችኤክስ የተባሉ ፕሮቲኖች ሶዲየምን ቫኩዮል ወደሚባለው የሕዋስ ከረጢት ያስገባሉ። በዚያ የተቆለፈ ሶዲየም ኢንዛይሞችን አይጎዳም፤ ይልቁንም ውሃ ለመሳብ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ይህ ፕሮቲን እንዲበዛበት የተደረገ ቲማቲም በ200 ሚሊሞላር ጨው አድጎ ማፍራቱ ተዘግቧል፤ ሶዲየሙም በብዛት የተገኘው በቅጠሉ እንጂ በፍሬው አልነበረም።

መመለስ፦ ኤችኬቲ የተባሉ ፕሮቲኖች ከሥር ወደ ቅጠል ከሚወጣው ውሃ ሶዲየምን እየለዩ በሥር ያስቀራሉ። ከጥንታዊ የስንዴ ዝርያ የተገኘ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል በማዳቀል ወደ ዱረም ስንዴ ተላልፎ፣ በጨዋማ ማሳ ላይ የእህል ምርቱ በ25 በመቶ እንደጨመረ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቧል።

የኦክሲዴሽን ጫና

የቅጠል ቀዳዳዎች መዘጋት ውሃ ቢቆጥብም ሌላ ችግር ያስከትላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ቅጠሉ መግባቱ ይቀንሳል፣ ክሎሮፕላስት ግን የፀሐይ ብርሃን መቀበሉን አያቆምም። ጥቅም ላይ ያልዋሉት ኤሌክትሮኖች ወደ ኦክስጅን ይተላለፉና ሱፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ከዚህም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ ብረት ባለበት ሃይድሮክሲል ራዲካል ወደሚባለው እጅግ አጥፊ ውህድ ይለወጣል። ማይቶኮንድሪያና ፐርኦክሲዞምም የእነዚህ ውህዶች ምንጮች ናቸው።

ውህዶቹ የሽፋን ቅባቶችን፣ ፕሮቲኖችንና ዲኤንኤን ይጎዳሉ። ሃይድሮክሲል ራዲካል በተጨማሪ የፖታሲየም መውጫ በሮችን ስለሚከፍት ሕዋሱ ፖታሲየሙን ያጣል። በዚህ ምክንያት የጨውና የኦክሲዴሽን ጫና አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

መከላከያው ደረጃ በደረጃ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ማኮርድና ፍሪዶቪች ያስተዋወቁት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጣል። ቀጥሎ ካታሌዝ በፐርኦክሲዞም ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይሰብራል። በክሎሮፕላስት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው አስኮርቤት ፐርኦክሲዴዝ ሲሆን፣ ለዚህም ቫይታሚን ሲን ይጠቀማል፤ ያገለገለው ቫይታሚን በግሉታታዮን እርዳታ ይታደሳል። ሃይድሮክሲል ራዲካልን የሚያጠፋ ኢንዛይም ግን የለም። ያለው አማራጭ መነሻዎቹን፣ ማለትም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድንና ነፃ ብረትን፣ መቆጣጠር ነው።

ጉዳትና መልእክት

እነዚህ የኦክስጅን ውህዶች ሁልጊዜ ጠላት አይደሉም። ሕዋሱ በሽፋኑ ላይ ባሉ ኢንዛይሞች አማካይነት ሆን ብሎ በጥቂቱ ያመርታቸዋል። በትንሽ መጠን ሲገኙ ከካልሲየም ጋር በመሆን የአደጋውን መልእክት ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ያደርሳሉ፤ የመከላከያ ዘረመሎችንም ያነቃሉ። ስለሆነም ጨውን የሚቋቋም ተክል ውህዶቹን ፈጽሞ የሚያስወግድ ሳይሆን መጠናቸውን የሚቆጣጠር ነው።

ጨው ወዳድ ዕፅዋት

አብዛኞቹን ሰብሎች በሚገድል የጨው መጠን የሚኖሩ ዕፅዋት ሃሎፋይት ይባላሉ። ኪንዋ ሶዲየምን በቅጠሉ ላይ ባሉ ከረጢት መሰል ሕዋሶች ያጠራቅማል። በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚበቅለው ግራጫ ማንግሮቭ አብዛኛውን ጨው በሥሩ ያስቀራል፤ የገባውንም በቅጠሉ እጢዎች ያስወጣል።

ለግብርና ያለው ጠቀሜታ

ጨውን መቋቋም ብዙ ዘረመሎች የሚሳተፉበት ባሕርይ በመሆኑ በአንድ ዘረመል ለውጥ ብቻ ማሻሻል አስቸጋሪ ነው። ሶዲየምን ማስወጣትም ሆነ በቫኩዮል ማስቀመጥ ኃይል ስለሚጠይቅ፣ ተክሉ ለእድገት የሚያውለው ኃይል ይቀንሳል። በመሆኑም የተሻሻለ ዝርያ የማሳውን አያያዝ አይተካም፤ ማፋሰሻ ቦይ መሥራትና ጨውን በበቂ ውሃ ከሥር በታች አጥቦ ማውረድ አሁንም አስፈላጊ ናቸው።