የክርክር ገደብና የጭሰኛው ሕግ

ክርክርን የሚገድብ ደንብ ዓላማው ጉዳዩ በሚገባ ተሰምቶ ውሳኔ እንዲያገኝ ነው። የእንግሊዝ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1881 ከ41 ሰዓት በላይ በተከታታይ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የአሜሪካም ሴኔት በ1917 ይህን መሰል ደንብ አወጡ። የሴኔቱ ደንብ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቅ ስለነበረ ብዙኃኑ ከአናሳው ጋር እንዲደራደር ያስገድድ ነበር።

በኢትዮጵያ የታየው ከዚህ ይለያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጭሰኛው ኪራይ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ እንዲደርስ ፈቅዶ ነበር። ይህን ለማሻሻል የተረቀቀው ሕግ ለፓርላማ ቢቀርብም፣ ባለመሬቶች በበረቱበት ምክር ቤት ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ። በዚያው ዘመን ዋዱ በመባል የታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት የደጋ ገበሬዎችን በአበላና በቤሌ ቆላ ያሰፍር ነበር፤ በደጋ ለቀረው ጭሰኛ ግን የሕግ ዋስትና አልተገኘለትም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማው ተዘጋ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን ሻረ፤ የተመረጠ ምክር ቤት ግን አልተከራከረበትም። ጭሰኛው ነፃ ቢወጣም፣ ማለቂያ ያጣው ክርክር ክርክር የሌለበትን ውሳኔ አስከትሎ፣ የመግባቢያው መንገድ በሁለቱ መካከል ጠፋ። መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ሊያጎሉት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው።