የትኛው ካርድ ይጠና? ስለ ጃፓን ፊደል መራጮች

ጃፓንኛ መማር የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ በካርድ ክምር ተከቦ ይገኛል። በፊቱ ምልክቱ፣ በጀርባው ንባቡና ትርጉሙ። አንድ ሺህ ካርድ፣ ሁለት ሺህ ካርድ። ሌላ ትምህርት አለ፣ ፈተና አለ፣ እንቅልፍም አለ፤ ሁሉን ማጥናት አይቻልም። ታዲያ የትኛው ይጠና፣ የትኛውስ ይጣል? ይህን የሰነፍ ተማሪ ጥያቄ አድርገን ነበር የቆጠርነው። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን የጃፓን ምሁራን፣ ሚኒስትሮችና ጋዜጠኞች ከመቶ ዓመት በላይ የተጨቃጨቁበት ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

ጃፓኖች ካንጂ የሚሏቸውን ምልክቶች ከቻይና ወሰዱ። ከነሱም ድምፅን ብቻ የሚወክሉ ሁለት ዓይነት የካና ፊደላት አወጡ። ካናው በጥቂት ሳምንት ይለመዳል፤ መከራው ካንጂው ነው። ትልቁ የሞሮሃሺ መዝገበ ቃላት ወደ 50,000 የሚጠጉ ምልክቶችን ይዟል። እኛ «ሀ»ና «ሐ» በዙብን እያልን ስንነታረክ ይኸን አላየንም!

ማኤጂማ ሂሶካ በ1866 ካንጂ ጨርሶ ይቅር የሚል ማመልከቻ ለሾጉኑ አቀረበ፤ ሰሚ አላገኘም። ፉኩዛዋ ዩኪቺ ረጋ ያለ ነበር። በ1873 ባወጣው የልጆች መማሪያ፣ አስቸጋሪዎቹን እየተዉ ቢሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ሺህ ምልክት ይበቃል አለ። በ1923 አንድ የመንግሥት ጉባኤ 1,962 ካንጂ መርጦ አወጣ። የምልክቱ ብዛት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚውን ያደክማልና ትልልቆቹ ጋዜጦች ደስ ብሏቸው ሊሠሩበት ተሰናዱ። ሴፕቴምበር 1 ቀን የመሬት መንቀጥቀጡ ቶኪዮን አወደማት፤ ዕቅዱም አብሮ ተቀበረ።

ወሳኙ ጊዜ የመጣው ከሽንፈት በኋላ ነው። በኖቬምበር 1946 መንግሥት «ቶዮ ካንጂ» የተባለውን የ1,850 ምልክቶች ዝርዝር አወጀ። ቶዮ ማለት ለጊዜው የሚያገለግል እንደ ማለት ነው፤ ካንጂ ውሎ አድሮ ይጠፋል ብለው ተስፋ ያደረጉ ሰዎች ብዙ ነበሩና። እስቲ ማን ገባ፣ ማን ቀረ ብለን እንመልከት። ውሻ ገባ፤ ድመት ቀረች። ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ስለ ራሱ ሲናገር «እኔ» የሚልበት «ቺን» ገባ፤ በዚያው ወር የወጣው ሕገ መንግሥት ሲታወጅ በንጉሠ ነገሥቱ ቃል ውስጥ ስለ ተጻፈ ነው። «ዳሬ» ግን፣ ማለት «ማን» የሚለው ተራ ቃል፣ ቀረ። በካና መጻፍ ይቻላል፣ እርግጥ ነው። ቢሆንም የንጉሥን «እኔ» የያዘ ዝርዝር «ማን?» ለሚለው ጥያቄ ቦታ ማጣቱ አስቆናል፤ አሳስቦናልም።

ቃሉ ከሁለት ካንጂ የተሠራ ሆኖ አንዱ ከዝርዝሩ የወጣ እንደ ሆነ፣ ጋዜጦች ግማሹን በካንጂ ግማሹን በካና ይጽፉት ጀመር፤ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ በሌላው ባዶውን እንደሚሄድ ሰው። ሕጉ ቤት ድረስም ገባ። ከ1948 ጀምሮ ወላጅ ከዝርዝሩ ውጭ ባለ ካንጂ ልጁን መሰየም ተከለከለ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ በ1951 ለስም የሚሆኑ 92 ምልክቶች ተጨመሩ።

በ1948 ደግሞ አሜሪካኖቹ አገሪቱን በያዙበት ጊዜ የንባብ ጥናት ተደረገ። ጨርሶ ማንበብና መጻፍ ያቃታቸው ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ካንጂ ሕዝቡን አደንቁሮታል ይሉ የነበሩት ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ቀነሰ። በ1981 «ጆዮ ካንጂ» የተባለው የ1,945 ዝርዝር ሲወጣ ክልከላው ወደ መምሪያነት ለዘበ፤ ድመትም ገባች። «ማን» እስከ 2010 ጠበቀ። በዚያ ዓመት ዝርዝሩ 2,136 ደረሰ፤ የኦሳካ ከተማ ስም ሁለተኛ ምልክትም ያኔ ነው የገባው። አብሮም «ኡትሱ» ገባ፤ ትካዜን የሚያመለክት፣ 29 መስመር ያለው ምልክት። ለምን ቢሉ አሁን የሚጽፈው እጅ ሳይሆን መኪና ነው፤ ዐይን ካወቀው ይበቃል።

ምልክት መምረጥ አንድ ነገር፣ ቃል መምረጥ ሌላ ነው። የብሔራዊው የቋንቋ ምርምር ተቋም በ1956 የወጡ 90 መጽሔቶችን ወስዶ ቃላቱን ቆጠረ። በብዛት የሚመላለሱት 1,000 ቃላት የጽሑፉን ከመቶ 60 ያህል ይሸፍናሉ፤ 10,000 ቃላት ደግሞ ከ90 በላይ። እንግዲህ አንድ ሺህ ካርድ አጥንተን ስድሳ ከመቶ ልናነብ ነው ብለን ተደስተን ነበር። ነገር ግን በአማርኛ እንሞክረው፤ «ትናንት በ... ላይ ... ስለ ሆነ ሰዎቹ ወደ ... ሄዱ።» ከግማሽ በላዩን አውቀናል፤ የተባለውን ግን አናውቅም። በብዛት የሚመላለሰው ቃል የዐረፍተ ነገሩ ማገር ነው፤ ወሬው ያለው በቀረው ውስጥ ነው። ቆጠራውም ቢሆን የመጽሔት ቆጠራ ነው፤ በዐዋጅና በደብዳቤ ላይ ቢቆጠር ሌላ ውጤት ይወጣል።

ለውጭ አገር ተማሪዎች የተዘጋጀው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና በ1984 ተጀመረ። ብዙ ዘመን የቃላት ዝርዝር ነበረው፤ ተማሪውም ካርዱን ከዚያ ይቀዳ ነበር። በ2010 ፈተናው ሲታደስ አዘጋጆቹ አዲስ ዝርዝር አናወጣም አሉ፤ የሚፈለገው በቋንቋው መሥራት ነው እንጂ ዝርዝር መሸምደድ አይደለም ብለው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ማታ ክምሩ ፊት ለተቀመጠ ተማሪ ግን ሸክሙ ወደ ራሱ ተመለሰ ማለት ነው።

እኛ የታሪክ ጽሑፍ ለማንበብ ነው የምንማረው። ስለዚህ «ዳሬ»ን ከላይ አስቀመጥናት። «ቺን»ን ብዙዎቹ የጥናት መምሪያዎች የማትረባ አድርገው ከመጨረሻ ይሰዷታል፤ እኛ አልጣልናትም። የ1890ው የትምህርት ዐዋጅ በሷ ይጀምራል፤ በኦገስት 1945 በሬዲዮ የተሰማው የሽንፈት ቃልም በሷ ይጀምራል። «ኡትሱ» ዐይናችን እንዲለምዳት ብቻ ቀርታለች፤ 29ኙን መስመር በእጅ አንጽፍም። ሌሎቹን ሦስት መቶ ያህል ካርዶች በክር አስረን እስከ ክረምት አልጋ ሥር አስገብተናቸዋል።