በደረት ውስጥ ያለችው ማግኔት

ልጆች ሳለን ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ላይ ማግኔት ፈልቅቀን ምስማር ስንለቅምባት እንውል ነበር። የዛሬው ወጌም ስለ ማግኔት ነው፤ ግን ሴቶች በደረታቸው ስለሚይዟት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጆሮ ነው። በ1957 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቻርልስ ኑማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከታካሚው ጆሮ አጠገብ፣ ከቆዳ ሥር ፊኛ አስገብቶ ቀስ በቀስ ነፋው። ቆዳው ተለጠጠ፤ ጆሮውን ለመጠገንም በቃ። ቼዶሚር ራዶቫን ደግሞ ዘዴውን ወደ ጡት አመጣው፤ ጽሑፉን በ1982 አሳተመ። በካንሰር ምክንያት ጡቷ ለተወገደ ሴት ከቆዳዋ ሥር ጊዜያዊ ከረጢት ይቀመጥላታል፤ በየቀጠሮው በመርፌ የጨው ውሃ ይጨመርበታል፤ ቆዳው ሲበቃ ከረጢቱ ወጥቶ ቋሚው ይተካል።

ግን መርፌው የት ይግባ? መግቢያዋ ከቆዳ ሥር ናት፤ አትታይም። መርፌው ስቶ ከረጢቱን ከበሳው ልፋቱን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ አምራቾች መግቢያዋ ላይ ማግኔት አኖሩ፤ ከውጭ ማግኔት ያለው መፈለጊያ ሲያስጠጉ ቦታዋን ይጠቁማቸዋል። ብልህ መላ ነበር።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ ማግኔት እያደገ ነበር። በ1977 ሬይመንድ ዳማዲያንና ረዳቶቹ የሰው ደረት በኤም አር አይ አነሱ፤ አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። ዛሬ የተለመደው የ1.5 ቴስላ ማሽን የምድርን ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ያጥፋል። አብዛኞቹ ደግሞ ታካሚ ወጣ ተብሎ አይጠፉም፤ ሌሊቱንም ሲስቡ ያድራሉ። በ2001 በኒውዮርክ ግዛት ማሽኑ የሳበው የኦክስጅን ሲሊንደር የ6 ዓመት ልጅ ገድሏል።

በዚህ ማሽን ውስጥ የከረጢቷ ማግኔት ልትጎተት፣ ልትዞር፣ ከቦታዋ ልትነቃነቅ ትችላለች፤ ምስሉም በዙሪያዋ ይበላሻል። ለዚህ ነው ባለማግኔት ከረጢቶች ለኤም አር አይ አደገኛ ተብለው የሚመዘገቡት። የሚያሳዝነው፣ ካንሰሩ ተዛምቶ እንደሆነ ለማወቅ ምርመራው የሚያስፈልጋት ያቺው ሴት መሆኗ ነው።

ቋሚው የሲሊኮን ጡት ግን ሌላ ነው፤ ሲሊኮን በማግኔት አይሳብም። እንዲያውም መቀደዱ የሚታየው በኤም አር አይ ነው። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መግቢያው ያለ ማግኔት፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚገኝ ጊዜያዊ ከረጢት ፈቀደ። የቀድሞዎቹ ግን ገና ብዙ ሴቶች ዘንድ አሉ።

እናም እህቴ፣ ኤም አር አይ ከታዘዘልሽ ከክፍሉ በር ሳታልፊ ስለ ከረጢቱ ተናገሪ፤ ሲገባልሽ የተሰጠሽን ካርድም አሳዪ። ካርዱ ከጠፋ ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ዓይነቱን ይንገርሽ። እስኪታወቅ ድረስ ቀጠሮው ቢያልፍ ይለፍ።

ቸር እንሰንብት።